ሦስቱን ሞኒተሮች ምን አደረግኳቸው?

 

ባለፈው ሳምንት የጠረጴዛዬን ፎቶ ለጥፌ ነበር። ኮመንቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። «ቲቸር ጌመር ሆንክ እንዴ?»፣ «ሦስቱ ሞኒተሮች የት ገቡ?»፣ «ይሄን የሚያህል ስክሪን ለመምህር ምን ይሠራል?» በውስጥ መስመር ዋጋ የጠየቃችሁኝም ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው። ይረዝማል፤ ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ። ፎቶው ደግሞ የነገሩን ግማሽ ብቻ ነው ያሳየው፤ የቀረውን ሳልናገር ላይክ መሰብሰቤ ቅር ሲለኝ ነው የሰነበተው።

ቤቴን የሚያውቅ ሁሉ ሦስቱን ያውቃቸዋል። ግራ በኩል የነበረው አራት ማዕዘኑ 17 ኢንች ነው፤ አንድ ወዳጄ የጽሕፈትና ኮፒ ቤቱን ሲዘጋ በዱቤ የሰጠኝ። መሃል ላይ 19 ኢንቹ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ የገዛሁት። ቀኝ በኩል ሌላ 17 ኢንች፤ መቆሚያው ስለተሰበረ በሁለት የድሮ መማሪያ መጽሐፍ አስደግፌ ያቆምኩት። ቁመታቸው አይገጥምም፣ ቀለማቸው አይገጥምም። የቀኙ ከኋላው ያለው መብራት አርጅቶ ነጩን ሁሉ ወደ ቢጫ ወስዶታል። ባለቤቴ መጀመሪያ የደረደርኳቸው ቀን አይታኝ «ሦስት ዓይን አለህ እንዴ?» ብላ ስቃብኛለች።

ግን ሥራ ነበራቸው። ግራው የኤክሴል ነው፤ ማርክና ሮስተር እዚያ ነው የሚሞላው። መሃሉ ዋናው ነው፤ የፈተና ወረቀት፣ ኖት፣ ከትምህርት ቤት ውጪ ደግሞ ለተጨማሪ ገቢ የምሠራው የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ። ቀኙ ቢጫው ቴሌግራም ነው። የ12ኛ ክፍል ግሩፕ ቀንም ማታም እዚያ ላይ ክፍት ነው። አንድ ልጅ ማታ 4 ሰዓት ላይ «ቲቸር፣ ይቺ ጥያቄ» ብሎ ፎቶ ሲልክ ቪዲዮ እየቆረጥኩም ቢሆን በጎን ዓይኔ አየዋለሁ። ይሄን ነጥብ ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ታዲያ ለምን ቀየርካቸው ትሉኝ ይሆናል። አንደኛ አንገቴ። ማርክ በሚገባበት ሰሞን ግራ ቀኝ ስዞር ውዬ ማታ ትራስ ላይ አንገቴን ማሳረፍ አቅቶኝ ያውቃል። ሁለተኛ ሙቀት። ሸዋሮቢትን ለምታውቁ አልነግራችሁም። ከጣርማ በር ብርድ ወርዶ ሮቢት ላይ የወረደ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው ከመኪናው ሳይወርድ ነው። ከሚያዝያ ጀምሮ እንኳን ሦስት ሞኒተር አንድ ሻማም ቤት ያሞቃል። ከጀርባቸው የተጻፈውን ስደምር ሦስቱ ከ100 ዋት በላይ ይበላሉ፤ ያ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሙቀት ሆኖ ክፍሏ ውስጥ ነው የሚቀረው። ሦስተኛ መብራት። መብራት ሲጠፋ ትንሿ ዩፒኤስ ሦስቱን ተሸክማ አምስት ደቂቃም አትቆይም፤ ሥራ ሴቭ እስካደርግ ጩኸቷ ልብ ያወልቃል።

እነዚህ ሦስቱ እውነተኛ ምክንያቶች ናቸው። አራተኛ አለ፤ እሱን ለባለቤቴ አልነገርኳትም ነበር። የኳስ ጌም እወዳለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ። የሰርግ ቪዲዮ ለመቁረጥ ብዬ የገዛሁት የግራፊክስ ካርድ ጌምም ያጫውታል፤ ግን 19 ኢንች ላይ ኳሱ የማሾ ፍሬ ታክላለች።

ዘንድሮ መስከረም ላይ እቁብ ደረሰኝ። መንገዱ ሰላም የሆነ ሳምንት ጠብቄ አዲስ አበባ ወጣሁና ስላሽ ሞኒተር ከሚሸጡት ዘንድ ሁለት ቀን ዞርኩ። መጨረሻ ላይ ባለ 27 ኢንች፣ 165 ኸርዝ የጌም ሞኒተር ይዤ ተመለስኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ ቤት ውስጥ በቂ ውይይት ተደርጎበታል። ወደ 220 ኪሎ ሜትር መንገድ ጭኔ ላይ አቅፌው ነው የመጣሁት። ረዳቱ «ከላይ ይጫን» ሲለኝ «ልጄን ከላይ ትጭናለህ?» አልኩት፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

አሁን ለሚጠይቁኝ ቴክኒኩን ላስረዳ። ሞኒተር ላይ የምናየው ሁሉ የጥቃቅን ነጥቦች ድምር ነው። 17 ኢንቾቹ እያንዳንዳቸው 1280 በ1024 ነጥብ አላቸው፤ 19 ኢንቹ 1440 በ900። ሦስቱን ስትደምሩ 3.9 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ይመጣል። አዲሱ ለብቻው 2560 በ1440 ነው፤ ወደ 3.7 ሚሊዮን ይጠጋል። ማለትም ሦስቱ ላይ ይዘረጋ የነበረው ሥራ አንዱ ላይ ይዘረጋል ማለት ይቻላል፤ መሃል ላይ የሚቆርጥ ጠርዝ የለውም፣ ቀለሙም አንድ ነው። ኤሌክትሪኩም ከግማሽ በታች ወረደ። ዩፒኤሷም አሁን ትንፋሽ አገኘች።

ኸርዝ የሚባለው ደግሞ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስሉን ያድሳል የሚለው ነው። የድሮዎቹ 60 ጊዜ ያድሳሉ፤ ይሄኛው እስከ 165። ለጽሑፍ ሥራ ብዙም ልዩነት የለውም፤ ገጽ ስታንሸራትቱ ፊደሉ አይደበዝዝም፣ ያ ነው። ለጌም ግን ሌላ ዓለም ነው።

ሌላ ዓለም መሆኑን ያወቅኩት ግን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው፤ ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቪዲዮ ኤዲተር የሆነ የድሮ ተማሪዬ ለመስቀል ወላጆቹን ሊጠይቅ መጥቶ ከቆየ በኋላ እኔም ቤት ብቅ አለ። ማውዙን ይዞ ሁለት ጊዜ ክብ አዞረና «ቲቸር፣ ይሄ እኮ 60 ላይ ነው ያለው» አለኝ። እኔ የአይሲቲ መምህሩ፣ «165 ኸርዝ» እያልኩ ስንቱን ሳደነቁር የከረምኩት! ለካ ዊንዶውስ በራሱ 60 ላይ አስቀምጦታል፤ የዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ በእጅ መቀየር ነበረበት። ገመዱም የድሮ ኤችዲኤምአይ ስለነበር ያን ያህል አይሸከምም፤ የዲስፕሌይ ፖርት ገመድ ከአዲስ አበባ እሱ ራሱ ላከልኝ። አስተምረን የምንማርበት ጊዜ ደስ ይላል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩ የከፋው። ኳሱ እንደ ውሃ መፍሰስ ጀመረ። አርብ ማታ አርብ ማታ መጫወት ልማድ ሆነ።

እስካሁን የሳቅነውን ሳቅን። አሁን ወደ ቁም ነገሩ።

ታውቃላችሁ፣ የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የመጡት ውጤቶች ሁላችንንም አስደንግጠዋል። የ2014 ተፈታኞች 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ የ2015ቱ 3.2፣ የ2016ቱ 5.4። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናው በወረቀት ብቻ መሆኑ ቀርቶ በኦንላይንም መሰጠት ጀመረ። ከተማ ላደገ ልጅ ይሄ ቀላል ነው። ከይፋት ቆላ ቀበሌዎች ለሚመጣ ልጅ ግን ፈተናው ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ፊዚክስ፣ ሌላው ማውዝ። ጠረጴዛው ሲያልቅበት ማውዙን አንስቶ ወደ ኋላ መመለስ እንደሚቻል የማያውቅ ጎበዝ ተማሪ አጋጥሞኛል። የሒሳቡን መልስ በቃሉ ያውቀዋል፤ ቀስቷ ግን እምቢ ትለዋለች።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ3 ሰዓት ጀምሮ ላብ ከፍተን እናለማምዳቸዋለን። ኢንተርኔት ሳያስፈልግ አንዱን ኮምፒውተር ሰርቨር አድርጌ ሌሎቹን በገመድ አገናኝቼ፣ ሰዓት የሚቆጥር የልምምድ ፈተና ጭኜበታለሁ። የሚሠሩት ኮምፒውተሮች 12 ነበሩ። ሌሎች 5 ሲፒዩዎች ደግሞ ደህና ሆነው ሞኒተር ስለሌላቸው ጥግ ላይ ተደርድረው ነበር፤ ሞኒተሮቻቸው በአቧራ፣ በሙቀትና መብራት ሄዶ ሲመጣ ተቃጥለዋል። ይሄንንም ያዙልኝ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ አንድ አርብ የትምህርት ቤቱ መብራት ተቋረጠ፤ ለቅዳሜ እንደማይደርስ ተነገረን። የከተማዎቹ ልጆች እዚያው ሰሙ። ለሌሎቹ ማታ ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ። እራት በላሁ። «አንድ ጨዋታ ብቻ» ብዬ ተቀመጥኩ።

ከጀውሃ በላይ ካለ ቀበሌ የሚመጣ አንድ ተማሪ አለ። የራሱ ስልክ የለውም፤ የአጎቱን ስልክ ተውሶ ነው ቴሌግራም የሚከፍተው። ማታ 2 ሰዓት ከ10 ላይ «መምህር እንዴት አመሹ፤ ነገ ላብ አለ ወይስ የለም?» ብሎ ጻፈልኝ። 3 ሰዓት ላይ ደግሞ «መምህር አሉ?» አለኝ።

ድሮ ቢሆን ቢጫው ሞኒተር ላይ ብልጭ ይልና አየው ነበር። አሁን ግን አንድ ስክሪን ነው፤ አንዱም ስክሪን ሙሉ በሙሉ ኳስ ሜዳ ሆኗል። ዊንዶውስ ደግሞ ጌም ስክሪኑን ሲሞላው መልእክት ሲመጣ የሚያሳየውን ምልክት በራሱ ዝም ያሰኘዋል፤ ተጫዋቹ እንዳይረበሽ! ስልኬ ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ነበር። እስከ 5 ሰዓት ተጫወትኩ። ግሩፑ ላይ የምጽፈውንም ረሳሁት። ተኛሁ።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ገደማ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ደወሉ። «መምህር፣ ስልክ አያነሱም እንዴ? አንድ ልጅ በር ላይ ከቆመ ቆይቷል፤ ሂድ ብለው እምቢ አለ።»

ስደርስ በሩን ተደግፎ ደብተሩን እያነበበ ነው። ሌሊት ተነስቶ እስከ አስፋልቱ በእግሩ መጥቶ፣ ከዚያ በሚኒባስ ነው የገባው። የሚኒባሱን ሒሳብ ሰው ማሳ ላይ ማሾ ለቅሞ ካገኘው ነው የከፈለው። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ችግር የለውም መምህር። መልስ ሲጠፋ፣ የለም ካልተባለ አለ ማለት ነው ብዬ ነው የመጣሁት።»

አስቡት። የኔን ዝምታ እንኳ በደግ ነው የተረጎመው።

እናንተ የኔ እድሜ እኩዮች ፕላዝማን ታስታውሳላችሁ አይደል? እኔ 9ኛ ክፍል የገባሁት በ1998 ነው፤ በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በተጀመረ በዓመቱ። ትልቁ ስክሪን በብረት ሳጥን ተቆልፎ ፊት ለፊት ይቀመጣል። መምህራችን ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቅና ጥግ ይይዛል፤ ከዚያ ስክሪኑ በእንግሊዝኛ ይነጉዳል። ጥያቄ ይጠይቀናል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ «በጣም ጥሩ!» ብሎ ያመሰግነናል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ፕላዝማ ምስሉ ጥሩ ነበር፤ ከሱ የተማርኩትም አለ፣ አልክድም። ክፉ ነገሩ እኛ አልገባንም ብንል የማይሰማ መሆኑ ነበር። መምህር የሆንኩት እኔ እንዲያ አልሆንም ብዬ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ያን ቅዳሜ በር ላይ ቆሜ የተሰማኝ ይሄው ነው። ልጁ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ፕላዝማ ሆንኩበት።

መብራት ስለሌለ ወደ ቤቴ ወሰድኩት። ቁርስ በላን። አዲሱ ስክሪን ፊት አስቀምጬው የልምምድ ፈተናውን ከፈትኩለት። መጀመሪያ ቀስቷ ሮጠችበት፤ ፍጥነቷን ቀነስኩለት። በሁለት ሰዓት ውስጥ 100 ጥያቄ ሠራ። ዘልሎ መመለስ፣ የተረፈውን ሰዓት እያዩ መሄድ፣ የመረጡትን መልስ መቀየር፣ ሁሉንም ያዘው። ባለቤቴ ቡና አቅርባ «ይሄ ስክሪን ዛሬ ገና ሥራ ሠራ» አለች። ነገሯ ገብቶኛል።

ሊሄድ ሲነሳ ከበሩ ጀርባ በአንሶላ የተሸፈኑትን አየ። የአንዱ ጠርዝ ወጥቶ ነበር።

«መምህር፣ እነዚያ ተበላሽተው ነው?»

«አይ፣ ይሠራሉ» አልኩት።

«እሺ» አለ። ሌላ ምንም አልጨመረም።

እውነቱን ልናገር። ፎቶውን ያያችሁ አንዳንዶቻችሁ «የድሮዎቹን ለትምህርት ቤት ሰጥቶ ይሆናል» ብላችሁ ጽፋችኋል፤ እኔም ላይክ አድርጌ አልፌዋለሁ። ያኔ ሰጥቼ ነበር፣ ውሸት አይደለም። ግን መጀመሪያ ልሰጣቸው አልነበረም ያስቀመጥኳቸው። ልሸጣቸው ነው። አንድ ደላላ ለእያንዳንዱ የሰጠኝ ዋጋ አንሶብኝ፣ ይጨምር ይሆናል ብዬ ሁለት ወር አንሶላ አልብሼ አቆየኋቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ 5 ሞኒተር አልባ ሲፒዩ ባለበት ላብ ውስጥ ቆሜ «ተራ ጠብቁ» እላለሁ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አስቤያቸው አላውቅም ብል ማን ያምነኛል? አስቤያለሁ። «የመንግሥት ሥራ ነው፣ መንግሥት ያሟላ» ብዬ ነበር ያለፍኩት።

ሰኞ ጠዋት ሦስቱንም ባጃጅ ላይ ጫንኩ። ንብረት ክፍል ስደርስ ኃላፊዋ «ሞዴል 19 ሳይቆረጥ አይገባም» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ተቆረጠ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ገጠምናቸው። 17 ኢንቾቹ የቪጂኤ ገመድ ስለሚይዙ ከአሮጌዎቹ ሲፒዩዎች ጋር ያለ ምንም መቀየሪያ ነው የሄዱት። እኔ ቤት ሽማግሌ የነበሩት እዚያ ጎረምሳ ሆኑ።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። አንድ ክፍል 60 ልጅ ነው። በ12 ኮምፒውተር ሲካፈል ለአንዱ 5 ልጅ፤ በ45 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ልጅ 9 ደቂቃ። በ15 ሲካፈል 4 ልጅ፤ 11 ደቂቃ ከምናምን። ያ ሁሉ ጸጸት፣ ያ ሁሉ ባጃጅና ሞዴል 19 ለአንድ ልጅ ያመጣው ሁለት ደቂቃ ነው። ትንሽ ነው፤ ትልቅ አስመስዬ አላወራም። ግን ማውዝ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚይዝ ልጅ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስንት ጥያቄ እንደሚነካ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። ሦስት፣ አንዳንዴ አራት።

ለመግዛት ለምታስቡ በአጭሩ ምክሬ ይኸውላችሁ። ስፋቱን ብቻ አትዩ፤ 32 ኢንች ሆኖ ነጥቡ 1920 በ1080 ከሆነ ለጽሑፍ ፊደሉ ይሻክርባችኋል። ለ27 ኢንች 2560 በ1440 ልኩ ነው። ኮምፒውተራችሁ ምን ዓይነት መውጫ እንዳለው ሳታዩ አትግዙ። ስላሽ ከሆነ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ሞልታችሁ ሙት ነጥብ ፈልጉ። ከደጋ ወደ ቆላ ይዛችሁ ስትገቡ ወዲያው አታብሩት፤ ላብ ስለሚይዘው ጥቂት ሰዓት ይረፍ። ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ እባካችሁ ሴቲንጉን ከ60 ቀይሩት፤ በተማሪያችሁ እስክትሳቁ አትጠብቁ።

ወደ ሦስት ሞኒተር እመለስ ይሆን ላላችሁኝ፣ አልመለስም። አንገቴ ድኗል። አሁን ስክሪኑን ለሁለት ከፍዬ ነው የምሠራው፤ ግራ ሦስተኛው እጅ የቴሌግራም ነው፣ ሌላው የሥራ። ኳሱንም አልተውኩም፤ ብዋሽ ባለቤቴ እዚሁ ኮመንት ላይ ታጋልጠኛለች። ግን አርብ ማታ ግሩፑ ላይ ሳልጽፍ አልከፍተውም፤ ስልኬም ድምፁ ተከፍቶ አጠገቤ ነው የሚቀመጠው።

ላቡ ውስጥ ሁለት ሲፒዩዎች አሁንም ያለ ሞኒተር ተቀምጠዋል። አዲስ አበባም ሆናችሁ ውጭ አገር፣ አሮጌ ሞኒተር በአንሶላ ሸፍኖ ያስቀመጠ ካለ እንደኔ ሁለት ወር አይቆይ። ቢጫ ቢሆንም ይሠራል። መቆሚያው ቢሰበርም ማስደገፊያ መጽሐፍ ሞልቶናል።

ለ12ኛዎች፦ ቅዳሜ ላብ 3 ሰዓት ላይ ይከፈታል። የማይኖር ከሆነ አርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት በፊት ግሩፑ ላይ እጽፋለሁ። ካልጻፍኩ ደውሉልኝ። ካላነሳሁ ደግሞ ደጋግማችሁ ደውሉ።